ዋልካን በስልክ

ልጄ፣ «ኢንጂነሪንግን በኦንላይን መማር ይቻላል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ግማሹን፣ አዎ።

ሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙዎቹ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ኋላ ትምህርቱን በኦንላይን የቀጠሉ አሉ። ወደ ገዳሪፍ ከሸሹት ተማሪዎችም፣ በኡም ራኩባና በቱናይድባ የስደተኞች ካምፕ ካሉት ልጆቻችንም ጋር ሻይ ይዘን ብዙ አውግተናል። ካልኩለሱና ስታቲክሱ በቪዲዮ ተመችቷቸዋል፤ ያልገባቸውን መልሰው ያያሉ፣ በታጨቀ አዳራሽ እጅ አውጥቶ መጠየቅ የሚያፍረውም እፎይ ብሏል። ላብራቶሪ ሲነሳ ግን ሁሉም ይማረራሉ። ቶታል ስቴሽን ተክሎ የማያውቅ ቀያሽ፣ አርማታ ሲቦካ ቆሞ ያላየ መሐንዲስ ሆነን ልንመረቅ ነው ይላሉ። እኔም ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና ስጋታቸው ይገባኛል።

በኔትወርክ አትተማመኚ። በጥር 2016 መጨረሻ በአብዛኛው ሱዳን መስመሩ ጠፍቶ ነበር። መተማን ተሻግሬ እማራለሁ ብትዪም፣ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ስለዚህ መስመር ባገኘሽ ጊዜ አውርደሽ አስቀምጪ። የህንዶቹ ኤንፒቴልና የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር ትምህርቶች በነጻ ይገኛሉ።

ቀሪው ግማሽ እግርሽ ሥር ነው። የገዳሪፍ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ የብዙ ቤት ግድግዳ የሚተረተረው፣ መንገዱም የሚጎረብጠው በእሱ ነው። እርጥቡን አፈር መስታወት ላይ በመዳፍሽ እያንከባለልሽ አቅጥኚው፤ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ መሰባበር የሚጀምርበት የእርጥበት መጠን ፕላስቲክ ሊሚት ይባላል። ደግሞም 10 ሚሊሊትር የተነፋ ደረቅ አፈር ውሃ ባለበት የ100 ሚሊሊትር ሲሊንደር ጨምሪና በማግስቱ አንብቢ። 20 ላይ ከደረሰ እጥፍ አብጧል፤ እንዲህ ያለ አፈር ላይ በዘፈቀደ መሠረት አይጣልም። ይህን በእጅሽ ካየሽ በኋላ የአፈር መካኒክስ ቪዲዮው ሌላ ነገር ይነግርሻል።

ከመመዝገብሽ በፊት ግን ትምህርት ቤቱን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ላብራቶሪው የት ነው? በአካል ስንት ሳምንት እንሠራለን? ዲግሪውን ካርቱምም አዲስ አበባም ይቀበሉታል? በጽሑፍ ካልመለሱልሽ ገንዘብሽን አትክፈዪ።