በመኻል ለመቆም የሚገባው ማን ነው?

ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ ሥራ በሚሠሩበት ጊዜ ሁሉም እኩል አይታዩም። አንዱ በፊት ይቀድማል፤ ሌላው በስተኋላ ሆኖ ያግዛል፤ አንዱ ደግሞ በመኻል ቆሞ የሁሉን ዓይን ይስባል። በሠርግ ዘፈን ቢሆን፣ በደቦ እርሻ ቢሆን፣ በትምህርት ቤት በዓል ቢሆን ነገሩ ያው ነው። እንግዲህ በመኻል የሚቆመውን ሰው መምረጥ የሚገባው ማን ነው? የሚመረጠውስ በምን ተመዝኖ ነው? ይኽ ጥያቄ ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሲመረመር የፍርድ ጥያቄ ነው። አንዱን ወደ መኻል ስንጠራ ሌላውን ወደ ዳር ማድረጋችን አይቀርምና።

እኛ በዋግ ይኽን ጥያቄ በየዓመቱ የምናገኘው በሻደይ ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን ሲሆን የሰቆጣና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ረዥም ለምለም ሣር በወገባቸው ታጥቀው፣ ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ልጃገረዶቹ በየሰፈራቸው ተሰባስበው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ባለቤቱም እንደ ዐቅሙ ስጦታ ይሰጣል። በዘፈኑ አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ተቀባይ ከሌለ አውጪዋ ብቻዋን የምትጮኽ ናት፤ አውጪ ከሌለችም ተቀባዮቹ የሚቀበሉት የላቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የሰፈራችን ልጃገረዶች ለልምምድ ከግቢዬ ገቡ። ቍጥራቸው ዐሥር ያህል ነበር። በመኻል ቆማ የምታወጣው ማን እንደ ሆነች መስማማት አቅቷቸው ስለ ነበረ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይፍረዱልን» አሉኝ።

የታጩት ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ እናቷ ጠላ እየጠመቀች የምታሳድጋት የጎረቤት ልጅ ናት፤ ድምፅዋ የጠራ፣ ግጥም የማያልቅባት፣ ልብሷ ግን ያረጀ ነበር። ሁለተኛዋ የወንድሜ ልጅ ናት፤ መልኳ ያማረ፣ አዲስ የጥልፍ ቀሚስ የተገዛላት፣ የብር ድሪ ያሰረች ነበረች። እኔም ብዙ ሳላስብ የወንድሜን ልጅ አመለከትሁ። ምክንያት አላጣሁም፤ «የምታምረው በመኻል ስትሆን ስጦታው ይበዛላችኋል፤ ፎቶግራፉም ደስ ይላል» አልኋቸው። በልቤ ግን ሌላ ነገር ነበረ። የወንድሜ ልጅ ስትታይ እኔም አብሬ የምታይ መስሎኝ ነበር።

በበዓሉ ቀን ተከትያቸው ሄድሁ። በመጀመሪያው ቤት ዘፈኑ ደከመ፤ አንዱ ግጥም ሦስት ጊዜ ተደገመ፤ የተቀባዮቹም ድምፅ እየወረደ ሄደ። ያች የጎረቤት ልጅ ግን ከዳር ቆማ፣ ሳታኰርፍ፣ የወንድሜ ልጅ ግጥም ሲጠፋት በቀስታ እያቀበለቻት ዘፈኑን ትደግፈው ነበር። በሦስተኛው ቤት የወንድሜ ልጅ ራሷ ከመኻል ወጣችና የጓደኛዋን እጅ ይዛ አስገባቻት፤ እርሷም ከበሮውን ተቀብላ መምታት ጀመረች። ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ በሰፈሩ ሲወራ የሰነበተ ነው። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ «ስፍራሽን ለምን ተውሽው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የመረጡት ለሚያየን ሰው ነው፤ እኛ የጠየቅንዎ ግን ለምንዘፍነው ነበር» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይኽ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ ወጣቶች በስልካቸው የሚያዩት ኬፖፕ የሚባለው የደቡብ ኮሪያ ዘፈን ይኽንኑ ጥያቄ ወደ ትልቅ ገበያ አውጥቶታል። በዚያ አገር ኩባንያዎች ልጆችን ለብዙ ጊዜ አሠልጥነው በቡድን ያወጧቸዋል፤ ለያንዳንዱም ድርሻ ይሰጡታል። በመኻል የሚቆመውን «ሴንተር» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ኩባንያው ሲሆን፣ የሚመዝነውም መልክን፣ ውዝዋዜንና በሕዝብ ዘንድ ያለውን ዝና ነው። አንዳንዱ ቡድን በየዘፈኑ ሰውን ያፈራርቃል። በመኻል የሚቆመው ሁልጊዜ በድምፅ የበለጠው አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ዘጠኝ ሆነው በወጡት በገርልስ ጀነሬሽን ዘንድ በሴንተርነት የታወቀችው ዩና ስትሆን፣ ዋናዋ ድምፃዊት ግን ቴዮን ናት።

በዚሁ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. «ፕሮዲውስ 101» የተባለ የቴሌቪዥን ውድድር 101 ልጃገረዶችን አቅርቦ 11ዱን በተመልካች ድምፅ አስመረጠ። ውድድሩ ሲከፈት «ፒክ ሚ» በተባለው ዘፈን በመኻል የቆመችው ቾይ ዩጁንግ ነበረች፤ የመረጧትም አብረዋት የሚሠለጥኑት ናቸው። በመጨረሻ ተመልካቹ አንደኛ ያደረጋት ግን ጆን ሶሚን ነው፤ ቾይ ዩጁንግ ሦስተኛ ሆነች። ከሁለቱ አንዷ አይገባትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ጓደኞች አንዷን፣ ተመልካቾች ሌላዋን መምረጣቸው ሁለቱ መራጮች የሚያዩት ነገር አንድ አለመሆኑን ያሳያል። ኋላም በ2019 ዓ.ም. በአራተኛው ዙር የድምፁ ቍጥር አጠራጥሮ ተመልካቾች አቤት አሉ፤ ነገሩ ተመረመረ፤ በ2020 ዓ.ም. ዋናው አዘጋጅ ድምፅ በማጭበርበር በሴኡል ፍርድ ቤት 2 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሕዝቡ እኔ መረጥሁ ሲል ከመጋረጃው በስተኋላ ሌላ መራጭ ነበረ ማለት ነው። ይኽን ባነበብሁ ጊዜ በግቢዬ ውስጥ ያመለከተችው ጣቴ ትዝ አለችኝ።

አንባቢዬ እዚህ ላይ ሊከራከረኝ ይችላል። ዘፈን የሚዘፈነው ለሰሚ ነው፤ ስለዚህ ሰሚው የወደደውን ቢመርጥ ምን ነውር አለው? ይኽ ቀላል ክርክር አይደለም። ሰሚው የወደደውን መውደድ መብቱ ነው፤ ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ነገር ግን መውደድና ስፍራ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተመልካች የሚያየው በበዓሉ ቀን የሚታየውን ብቻ ነው። በልምምድ ቀድማ የምትመጣው ማን እንደ ሆነች፣ የሌላዋን ስሕተት በዝምታ የምትሸፍነው ማን እንደ ሆነች፣ ዜማው ሲወድቅ የምታነሣው ማን እንደ ሆነች የሚያውቁት አብረዋት የደከሙት ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጓደኞች ሁሉ እውነተኛ ዳኞች ናቸው ማለት አይደለም። እነርሱም ይቀናሉ፤ ለወዳጅና ለዘመድ ያደላሉ። የሰፈራችን ልጆች ወደ እኔ የመጡት መስማማት አቅቷቸው ነው። ሽማግሌ የሚጠራውም ለዚሁ ነው። ሽማግሌው ግን የተጠራበትን ትቶ የራሱን ክብር ከተመለከተ ባይጠራ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ለመምረጥ የተጠራ ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል። መጀመሪያ፣ ሥራው የሚፈልገው ምንድን ነው? ዘፈን ከሆነ ድምፅን፣ ውዝዋዜ ከሆነ እግርንና ትከሻን፣ ንግግር ከሆነ አንደበትን ይመልከት። መልክም ኀጢአት አይደለም፤ መልክ ለሚያስፈልግበት ሥራ መልክ ይመዘን። ሁለተኛ፣ ባልንጀሮቹ በደስታ የሚቀበሉት ማንን ነው? ሦስተኛ፣ ከእርሱ የሚሻል ሲገኝ ስፍራውን ሳይቈጭ ሊለቅ የሚችለው ማን ነው? በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ የወንድሜ ልጅ ከእኔ በልጣ ተገኝታለች። እኔ የሰጠኋት ስፍራ የእርሷ እንዳልሆነ ለማወቅ ሁለት ቤት በቃት፤ እኔ ግን ለማወቅ የእርሷ መልስ አስፈለገኝ።

በዳር መቆም በራሱ ውርደት አይደለም። ከበሮ የሚመታ፣ የሚያጨበጭብ፣ የሚቀበል ባይኖር ሻደይ የለም። በደል የሚሆነው ሰውን ያለ ፍርድ በዳር ማቆም ነው፤ ይኽም የሚጎዳው ያንን ሰው ብቻ ሳይሆን ሥራውን ጭምር ነው።

በዚያ ማታ ለልጃገረዶቹ ስጦታ ስሰጥ ለዚያች ለጎረቤት ልጅ ለብቻዋ ጥቂት ብር ጨመርሁላት፤ ካሣ መሆኑ ነበር። እርሷም በትሕትና እጅ ነሥታ ተቀበለችና ብሩን ዞር ብላ ከጋራው ገንዘብ ጋር አደባለቀችው። «ተሳስቻለሁ» ብላት ብር አላስፈለገኝም ነበር፤ ግን አላልኋትም። ዛሬ አድጋ ከሰቆጣ ወጥታለች፤ እናቷን ባየሁ ቍጥር ደኅንነቷን እጠይቃለሁ እንጂ ያንን ቃል እስካሁን አልላክሁላትም።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ቀን «ይፍረዱልን» የሚላችሁ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ በክፍል አለቃነት ይሁን፣ በዘፈን ቡድን ይሁን፣ ወይም በመሥሪያ ቤት። በዚያን ጊዜ ጣታችሁን ከማንሣታችሁ በፊት የምትመርጡት ለማን እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ከተሳሳታችሁም እንደ እኔ አትዘግዩ፤ ያች ልጅ ገና በግቢው ውስጥ ቆማ ሳለች ንገሯት።