ራስ ወዳድነት ምግባር ይሆናልን?

ደራሲና ፈላስፋ አይን ራንድ እ.ኤ.አ. በ1905 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች። በሩስያ አብዮት ጊዜ ቦልሼቪኮች የአባቷን መድኃኒት ቤት ወረሱ፤ ምክንያታቸውም «ለሕዝብ ጥቅም» የሚል ነበረ። በ1926 ወደ አሜሪካ ሄደች። በ1957 ባሳተመችው «አትላስ ሽራግድ» በተባለው ልብ ወለድም የሰው የላቀ ግቡ የገዛ ደስታው እንደ ሆነ፣ ለሌላው ብሎ ራስን መሠዋትም ክፉ እንደ ሆነ አስተማረች። ከ1987 እስከ 2006 የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ የመሩት አለን ግሪንስፓን ከወዳጆቿ አንዱ ነበሩ፤ ዛሬም ብዙ ወጣቶች ያነቧታል።

ቁስሏን መናቅ አይገባም፤ በግድ የተወሰደ ምጽዋት አይባልምና። ነገር ግን ቀማኛ በፍቅር ስም ስለ ነገደ ፍቅር ራሱ ሐሰት ይሆናልን? ለራሷ ጌጥ ትታ ልጇን የምታበላ እናት የምትወደውን መረጠች እንጂ አልተሠዋችም ትለናለች፤ ይህስ ይሁን። የማናውቀውን ሰው መርዳት ግን በእርሷ ዘንድ ግዴታ አይደለም። እንግዲህ ቁስለኛውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ በእርሷ ሚዛን ምን በደሉ?