ይቅርታ ወንድሜ

ለሥራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስዛወር አዲስ ሲም ካርድ አወጣሁ። ቁጥሩ ከእኔ በፊት የሌላ ሰው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተመልሶ ይሸጣል። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፣ «ሰውን በስልክ ቁጥሩ ብቻ አትለዩት» እያልኩ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምጨቃጨቀው እኔው ነኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ መልእክት ገባ፦ «ስንት ነው?»

«ምኑ?» አልኩ።

«ለአዳር።»

ከዚያ ወዲያ አላቋረጠም። «የት ነሽ»፣ «ፎቶ ላኪ»፣ «ነይ»። ኮምቦልቻን ለማታውቋት፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና በባቲና በሚሌ በኩል የሚመላለስባት፣ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ናት፤ እንግዳ አይጠፋም። ግን ወሎ ውስጥ ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል ሳሙና እንኳን አይገዛም። እነዚህ ሰላምታ የላቸውም።

አንድ መልስ አዘጋጅቼ ለሁሉም መላክ ጀመርኩ፦ «ቁጥሩ ባለቤት ቀይሯል፣ እኔ ወንድ ነኝ።» እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። «ውይ ይቅርታ ወንድሜ።» «አውፍ በለኝ ወንድሜ፣ በሌሊት ረበሽኩህ።» አንዱማ ቤተሰብ ሰላም በልልኝ ሊል ምንም አልቀረው። ትሕትናው ነበራቸው ማለት ነው። እኔ በአንድ መስመር «ወንድሜ» ሆንኩ፤ «እህቴ» ብሎ የጀመረላት ግን አላየሁም።

እኔም «ስንት ነው?» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ተማሪ እያለሁ፣ ደሴ ፒያሳ ካፌ ተቀምጬ፣ በቴሌግራም። ሳትመልስልኝ ስትቀር የጻፍኩላትን እዚህ አልደግመውም።

ይህን የነገርኩት ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ሰው እየገዛህ ሰላምታው ምን ያደርግላታል? ላንተው ሕሊና ነው።» ቀላል ጥያቄ አይደለም። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀሙበት ይላል፤ ባለሱቁንም እንጠቀምበታለን፣ ክርክሩ ያለው «ብቻ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ካንት ራሱ ግን ገላን በገንዘብ ማከራየትን ይቃወም ነበር፣ ስለዚህ ለጓደኛዬ ያደላል። እኔም ሰላምታ ነገሩን ያነጻዋል አልልም።

ነገሩን ከእሷ በኩል ስናየውስ? ሕጉ በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደረውን ይቀጣል፤ እሷን ግን አይደለም። ያለ ደላላ ስትሠራ ደዋዩን የሚመዝንላት ሰው የለም። የማታውቀው ሰው ቤት ከመሄዷ በፊት ያላት መረጃ ያቺ መልእክትና አንድ ሁለት ደቂቃ ወሬ ናት። ማን ነህ፣ ቁጥሬን ከማን አገኘህ፣ የት ነህ፣ ብቻህን ነህ ወይስ ሌላ ሰው አለ፣ «አይ» ስልህ ምን ትላለህ? «ስንት ነው?» ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። ተራ ባለጌ ይሁን አደገኛ መለየት የሷ ዕዳ ይሆናል። ትሑት አደገኛም አለ፣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ጣፋጭ ቃል ብቻውን የማይበቃው፣ ስምና ቦታ የሚያስፈልገው።

አንድ ብቻ የተለየ መጣ። «ሰላም፣ እንዴት አመሸሽ። ቁጥርሽን ጓደኛሽ ናት የሰጠችኝ። አሁን ማውራት ይመችሻል? ካልሆነ ችግር የለም።» ያቺን የተለመደች መልሴን ላክሁለት። እሱም ይቅርታ ጠየቀ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ገባ፦ «እሷ ግን ደህና ናት?»

አላውቅም አልኩት። እስከዚያ ማታ ድረስ እኔም አልጠየቅኩም ነበር።