አድናቆት ዋጋ ይሆናልን?

የሰው ልጅ ራሱ ሊሠራው የማይችለውን ነገር ሌላው ሲሠራው ባየ ጊዜ ይደነቃል። ይህም መልካም ጠባይ ነው፤ መደነቅን የማያውቅ ሰው መማርም አይሆንለትምና። ነገር ግን ከዚሁ አጠገብ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሠራተኛውን ስላደነቅነው ብቻ ዕዳችንን ከፍለናል ማለት ይቻላልን?» የሚል ነው። ጥያቄው በቃል ቢቀርብልን ሁላችንም «አይቻልም» እንላለን፤ በገበያ ግን ብዙ ጊዜ «ይቻላል» እንደሚል ሰው ስንሠራ እንገኛለን።

ነገሩ በዐይን እንዲታይ አንድ ቦታ እንጥቀስ። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ሚንች ከሚባለው ባሕር ማዶ፣ ሉዊስና ሐሪስ የሚባሉ አገሮች አሉ፤ በስም ሁለት ይሁኑ እንጂ አንዲት ደሴት ናቸው። በዚያ የሚሠራው የሱፍ ጨርቅ ሐሪስ ትዊድ ተብሎ በዓለም የታወቀ ሲሆን፣ የአገሩ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው በጌሊክ «ክሎ ሞር» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ትልቁ ጨርቅ» ማለት ነው። በበጋ ወራት በባለ ሸራ ጀልባ ባሕሩን የሚዞሩ ቤተ ሰቦች በታርበርት ወደብ ጀልባቸውን አስረው፣ አንዳንድ ሸማኔ ለጎብኚ ወደሚከፍተው የሽመና ቤት ጎራ ይላሉ።

እንዲህ ያለ አንድ ቤተ ሰብ ወደ ሽመናው ቤት ገባ እንበል። ከፊቱ የሚያገኘው ጨርቅ ጠጕሩ ከመፈተሉ በፊት በልዩ ልዩ ቀለም የተነከረ፣ ቀለም ከቀለም ጋር ተደባልቆ የተበጠረ ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ ቡናማ ብቻ የሚመስለው ክር ቀርበው ሲያዩት የብዙ ቀለማት ማኅበር ሆኖ ይገኛል። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ተቀብሎ በቤቱ ይዘረጋል፤ በእግሩ እየረገጠም ይሸምናል። የኤሌክትሪክ ኀይል አያግዘውም፤ እግሩ ሲቆም ጨርቁም ይቆማል። ክር ሲበጠስ ሥራውን አቁሞ ይቀጥላል። ልጆቹ በዕቃው ድምፅ ይደሰታሉ፤ አባትና እናት ጨርቁን እየዳሰሱ ያመሰግናሉ። በመጨረሻም ዋጋው ይጠየቃል። የሕሊና ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ «ይህን የመሰለ ጨርቅ በከተማ በርካሽ ይገኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣልና።

እንግዲህ ይህን ሐሳብ እንመርምረው። ይኸው ቤተ ሰብ ወደ ደሴቲቱ የመጣው በምንድን ነው? ባለ ሞተር መርከብ ከስካይ ደሴት ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ሊያደርሰው ሲችል፣ እርሱ ግን ነፋስ እየጠበቀ በሸራ መጓዝን መረጠ። ስለ ምን እንደዚህ አደረግህ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቁም ነገሩ መድረስ ብቻ ሳይሆን አካሄዱም ጭምር ነው ብሎ ይመልስ ይሆናል። መልሱም ትክክል ነው። ነገር ግን የራሱን ዝግታ እንደ ክብር የቈጠረ ሰው የሸማኔውን ዝግታ እንደ ጕድለት ሊቈጥረው በምን ፍርድ ይችላል? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ዝግታው ለመንገደኛው ዕረፍት ሲሆን ለሸማኔው እንጀራ መሆኑ ነው። ይህም ልዩነት የሸማኔውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም።

የደሴቲቱ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1846 የድንች በሽታ በስኮትላንድ ደጋና ደሴቶች ላይ ረኀብ ባመጣበት ዘመን፣ የሐሪስ ባለ ርስት ከሆነው ቤት የነበሩት የደንሞር እመቤት ካትሪን መሪ የደሴቲቱን ሸማኔዎች ጨርቅ አሠርተው በወዳጆቻቸው ዘንድ ያስተዋውቁት ጀመር። ዝናው ሲሰፋ ግን በስሙ የሚነግዱ አስመሳዮች መጡ፤ ስለዚህ በ1909 ማኅበር ተቋቋመ፤ ከ1911 ጀምሮም መለያ ማኅተም በጨርቁ ላይ ይመታ ጀመር። በ1993 ደግሞ ሐሪስ ትዊድ ለመባል ጨርቁ በደሴቶቹ ሰዎች እጅ፣ በመኖሪያ ቤታቸው የተሸመነ፣ ጠጕሩም በዚያው የተነከረና የተፈተለ መሆን እንዳለበት የእንግሊዝ ፓርላማ በሕግ ደነገገ። ሕጉ መኪናን ጠልቶ የወጣ አይደለም፤ ክሩ በፋብሪካ እንዲፈተል ከ1934 ጀምሮ ተፈቅዷልና። የተጠበቀው ሽመናው ከሰው ጕልበትና ከሰው ቤት እንዳይወጣ ነው።

«ድኻ በርካሽ መልበሱ ኀጢአት ነውን?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። የፋብሪካ ጨርቅ ብዙ ሰው ከብርድ አድኗል፤ አቅም የሌለውም ሰው አይቶና አመስግኖ ቢሄድ ማንንም አልበደለም። ከርኅራኄ የተነሣ ያልፈለጉትን መግዛትም ሸማኔውን እንደ ለማኝ መቍጠር ነው። በደሉ ሌላ ነው፤ አቅም እያለን የሰውን የሥራ ቀን በክርክር ማርከስ፣ ወይም አስመሳዩን በእውነተኛው ስም መሸጥና መግዛት ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ሸማኔውን ለብሰነው ስንሰድበው ኖረናልና። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ሌላ መልክ ይዟል። በበዓል ቀን በጥለታችን እንኰራለን፤ በማግስቱ የሸማኔውን ዋጋ እንቀንሳለን፤ ወይም ጥለት መሰል ሥዕል የታተመበትን የውጭ አገር ጨርቅ የአገር ልብስ ብለን እንለብሳለን። አፍ ያከበረውን እጅ ሲያዋርደው ክብሩ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ የሹሙም የመምህሩም ተግባር አንድ ነው፤ ሹሙ እውነተኛው ሥራ ከአስመሳዩ የሚለይበትን ሥርዓት ያጽና፤ መምህሩም ተማሪው በማናቸውም የእጅ ሥራ ፊት ሲቆም «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ስንት ቀን ፈጀ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምረው። ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው የመጀመሪያውን ሲጠይቅ ድምፁ ሌላ ይሆናል። አድናቆት በር ይከፍታል፤ ዕዳን የሚከፍል ግን ፍትሕ ነው።