የረቡዕ ማዕድ

ከውጭ አገር የመጣ ወዳጁን በምግብ በኩል ደባርቅን ሊያሳይ የሚነሣ ሰው፣ ምን ላብላው ከማለቱ በፊት እንግዳው በምን ቀን እንደመጣ ማሰብ አለበት። በፍስክ ከመጣ ችግር የለም፤ ጥብሱም ዶሮ ወጡም ይገኛል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከደረሰ፣ ወይም ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት በአንዱ ከገባ ግን አስተናጋጁ ያመነታል። ብዙ ጊዜ የሚመርጠውም ጾሙን ከእንግዳው ዐይን መሸሸግ ነው። ሆቴል ይወስደውና እንቁላል ወይም ፓስታ በሥጋ ያዝለታል፤ ራሱ ለስላሳ ይዞ አጠገቡ ይቀመጥና «አንተ ብላ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ይለዋል። ይህ ከደግነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ጥያቄው ግን ከመስተንግዶ ወግ ያለፈ የሃይማኖት ጥያቄ ነው። የእንግዳ ክብር ከጾም ይበልጣልና ጾሙ ይሸሸግ? ወይስ ጾሙ ራሱ ለእንግዳ ሊቀርብ የሚገባው ነገር ነው? እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ።

መነሻዬ መሬቱ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ ጤፍ ይቀርና ገብስ ብቻውን ይነግሣል። ወደ ዳባትና ወገራ ሲመለሱ ስንዴው፣ ባቄላውና ጤፉ ይመጣል፤ ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ በታች ደግሞ የማሽላና የሰሊጥ ቆላ ይጀምራል። እነዚህ ሁሉ የሚገናኙት በጾም ገበታ ላይ ነው። ሽሮው ከባቄላና ከአተር ይመጣል፤ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ተልባውና ሱፉ ይከተላል፤ ገብሱ ደግሞ ቆሎ፣ በሶ፣ ቂጣ፣ ጠላና ኮረፌ ይሆናል። ጥብስ አዲስ አበባም ጥብስ ነው። የዚህን አገር አፈርና ውርጭ የሚናገረው ግን ያለ ቅቤ እንዲጣፍጥ ሴቶች ትውልድ ሙሉ የተጠበቡበት የጾም ወጥ ነው። ሰባቱን አጽዋማት፣ ረቡዕንና ዓርብን ሁሉ የሚጠብቅ ክርስቲያን የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ርቆ ይኖራል። እንግዳውን በፍስክ ምግብ ብቻ የሸኘ ሰው የአገሩን ግማሽ ዓመት ደብቆበታል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አለኝ፤ እርሱም ጎረቤት ነው። በደባርቅ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይኖራሉ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገብስ እያረሰ የኖረው፣ በኋላም በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወር የተደረገው የግጭ መንደር ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነበር። እነዚህን ጎረቤታሞች በገበታ የሚለያያቸው ሥጋ ነው፤ አንዱ በሌላው እጅ የታረደ አይበላም። ስለዚህ ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ወዳጆቹ ከብቱን በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፣ ድስቱንም ይለያል። ይህ ራሱ ትልቅ አክብሮት ነው። ረቡዕ ሲሆን ግን መለየቱ አያስፈልግም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ለማንም የተከለከለ አይደለም፤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ መሶብ ያለ ሥጋት ይቆርሳል። ሥጋ የማይበላው ሂንዱም ሆነ በራሱ ፈቃድ ሥጋ የተወው አውሮፓዊ እንዲሁ። የፍስክ ማዕድ ሁለት ትሪ ይፈልጋል፣ ለጾሙ ማዕድ አንድ ይበቃዋል። ጾም በር የሚዘጋ ይመስላል እንጂ በዚህ አገር ሰፊውን ገበታ የሚዘረጋው እርሱ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀላልም አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ለተቀበላቸው ሦስት እንግዶች ያቀረበው የሰባ ጥጃ፣ ቅቤና ወተት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የግብጽን በረሃ የጎበኘው ዮሐንስ ካስያንም አንድ አረጋዊ መነኩሴ ስለ እንግዶች ብሎ ጾሙን አቋርጦ አብሯቸው እንደበላ ይተርካል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው፣ ጾም ዘወትር በእጁ እንዳለ፣ እንግዶቹ ግን እንደሚሄዱበት፣ በእነርሱም የሚቀበለው ክርስቶስን እንደሆነ ነው። እንግዲህ ፍቅር ከጾም ይበልጣል ከተባለ ሽሮ ላይ መጽናት ምን ያደርጋል? መልሴ ይህ ነው። የዚያን አባት ድርጊት እንደምረዳው፣ የሸሸው እንግዳው ብቻውን እንዲበላ መተውን ነው። አብርሃምም ጥጃውን አቅርቦ ዞር አላለም፤ እስኪበሉ ድረስ ከዛፉ ሥር በአጠገባቸው ቆመ። እንቁላል አዝዞ እየተመለከተ የሚቀመጠው አስተናጋጅ ግን እንደ አረጋዊው አብሮ አልበላም፣ ጾሙንም ለወዳጁ አላካፈለም፤ ሁለቱንም አጥቷል። አንድ ትሪ የጾም በያይነቱ መሐል ቢቀርብ ኖሮ ፍቅሩም ጾሙም በአንድ ይፈጸሙ ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ቀትር ላይ የራበው እንግዳ ቢመጣበት ምን ያድርግ የሚል ካለ፣ ያብላው፤ ጾሙ የእርሱ እንጂ የእንግዳው አይደለምና። ስለሚጾምበት ሰዓት ግን እውነቱን ይንገረው፤ «ጠግቤያለሁ» አይበለው።

ከዚህ የሚከብደኝ ሌላ ተቃውሞ ነው። በሰሜንና በወገራ ማዕድ መለየት ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም። ቤተ እስራኤላውያን በእነዚህ ተራሮች ለዘመናት ኖረዋል። ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪ፣ ወንዶቻቸው ቀጥቃጭና ሸማኔ ነበሩ። በራሳቸው ሕግ ከሌላ ሰው ማዕድ ይርቁ ነበር፤ ይህ የእምነታቸው ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑ ግን በእነርሱ እጅ በተሠራ ምጣድ እንጀራውን እየጋገረ፣ በቀጠቀጡት ማረሻ እያረሰ፣ ቡዳ ብሎ ከገበታው አራቃቸው። ገበታ እንዲህ ዐይነት ግፍ ከተሠራበት፣ ስለ ጾምና ስለ ድንበር ለእንግዳ መናገር ምን ያኮራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እውነት አለው። የምለየው በዚህ ነው፤ ጾም ሰው በራሱ አፍ ላይ የሚያኖረው ልጓም ነው። ቡዳ ማለት ግን በሌላው ፊት ላይ የሚዘጋ በር ነው። አንደኛው ከእኔ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ከወንድሜ። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ተጎራብተው መኖራቸው አንድ አያደርጋቸውም። እንግዳው ስለ ደባርቅ ገበታ እውነቱን ይወቅ ከተባለም ስለ ምጣዱ ሠሪ ሊነገረው ይገባል። ድንበሩ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ቡናም ይመሰክራል፤ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ የእስላም ተብሎ ይነቀፍ ነበር፣ ዛሬ ያለ ቡና እንግዳ የሚሸኝ ቤት የለም።

ድህነትን ጾም ብለን እንዳናሳምረውም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በትንሣኤ ሳምንትም ከሽሮ በቀር የማያገኝ ቤት በእነዚህ ተራሮች ሥር ብዙ ነው፤ እርሱ አልጾመም፣ አጥቷል። ይህን ከእንግዳ መሸሸግ ጾሙን እንደ መሸሸግ ነው። እንግዳ ያየውን ይዞ ይሄዳልና። በ1770 እ.ኤ.አ. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው አምስት ጥራዞች ስለ አገራችን ብዙ ጽፏል። የለንደን ሰው ግን ይዞ የቀረውና የተሳለቀበት ከቁም ከብት ተቆርጦ ስለተበላው ጥሬ ሥጋ የጻፈውን ነው። ዛሬም በፓርኩ ውስጥ ሳንቃበርና ጨነቅ በተባሉት ማደሪያዎች የሚያድረው መንገደኛ ከወጥ ሠሪው የሚቀርብለት በአብዛኛው ሾርባና ፓስታ ነው። ዋሊያውን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል፤ በቅሎውን የሚነዳለት ሰው ያን ቀን ለምን ቆሎ ብቻ ይዞ እንደዋለ ሳያውቅ።

የውጭ ወዳጅ ስንል ደግሞ ካሜራ የያዘውን ብቻ ማሰብ ይቀናናል። ከዳባት አጠገብ አለምዋጭ በተባለው ቦታ፣ በትግራይ ከነበሩት ከማይ አይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች በጦርነቱ ምክንያት የመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፍረዋል። የኤርትራ ኦርቶዶክስ ምእመን ያንኑ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ለእርሱ ጾሙን ማስረዳት አያሻም፣ ሽሮውንም ያውቀዋል። ከዶላሩ የተነሣ ለአንዱ እንግዳ ሆቴል የምንፈልግ፣ ለሌላው ግን መሶብ የማንከፍት ከሆነ ያከበርነው እንግዳውን ሳይሆን ኪሱን ነው። በዳባትና በደባርቅ የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው ረቡዕ ያቺን አንድ ትሪ ስታቀርብ ከአለምዋጭም አንድ ሰው ጥራ።