በሸራ የሸፈንኩት መክሊት

አባቴ በ1965 ዓ.ም. የገዛትን ሰማያዊ ቮልስ ቁልፍ በእጄ ያስቀመጠው ከማረፉ አንድ ወር በፊት ነው። «አደራ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። እኔም አደራዬን ጠበቅሁ። አጥቤ ግቢያችን ጥግ አቆምኳት፣ ወፍራም ሸራ አለበስኳት፣ ልጆቼ ኳስ ይዘው ሲጠጓት ተቆጣሁ። ከ2004 እስከ 2016 ዓ.ም. ማንም አልነካትም።

ሸራውን የገለጥኩት በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ሔር ዕለት ነው። የዕለቱ ወንጌል የመክሊቱ ምሳሌ ነው። አንድ መክሊት በዚያ ዘመን 6,000 ዲናር ገደማ ነበር፤ የቀን ሠራተኛ በአንድ ዲናር ይውል እንደነበር ስናስብ የብዙ ዓመታት ድካም ማለት ነው። ያን ሁሉ ተቀብሎ መሬት ውስጥ የቀበረውን አገልጋይ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰነፍ ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው። በዚያን ቀን ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ፈርቶ ነበር።

የጠራኋቸው መካኒክ ቮልስ ሲጠግኑ ያረጁ አባት ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው የቤንዚኑን ጎማ እጥፍ ቢያደርጉት እንደ ድርቆሽ ተሰበረ። የቮልስ ነዳጅ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በወለሉ ሥር በብረት ቱቦ ይመጣና ሞተሩ ጋ ሲደርስ በአጫጭር ጎማ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያም ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ይህ ጎማ የሚያልፈው ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ነው፤ እዚያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለ። እንደነበረች ባስነሳት ኖሮ የአባቴ መኪና በእጄ ትቃጠል ነበር።

«ልጄ፣ መኪና ስትቆም የምታርፍ ይመስልሻል» አሉኝ የተሰበረውን ጎማ መዳፌ ላይ እያስቀመጡ። «ጎማው ይደርቃል። ቤንዚኑም ሙጫ ይሆናል።»

ይህን ሳስብ የምሳሌው ሰው ከእኔ የተሻለ ዕድል እንደነበረው ገባኝ። የቀበረውን ቆፍሮ ሲያወጣ እንደተሰጠው አገኘው። እኔ የቀበርኩት ግን እንደተሰጠኝ አልቆየም። ሰውም፣ ጸሎትም፣ እርቅም ሲቀበሩ እንደ ጎማው ይደርቃሉ እንጂ እንደዚያ ገንዘብ እንደነበሩ የሚቆዩ አይመስለኝም።

የቤንዚን ጎማዎቹ ሁሉ ተቀየሩ፣ ታንኩ ታጠበ፣ ሞተሩ ተነሣ። ሰፈር ውስጥ ስነዳት ደህና ነበረች። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር ግን ጉልበቷ ከዳት፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውኃ አትጠጣም፤ የሙቀት ጌጅም የላትም። የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ቺንጋው ዲናሞውን ሲያዞር በዲናሞው ዘንግ ላይ ያለው ማራገቢያ አብሮ ይዞራል፤ አየሩም በሲሊንደሮቹ ክንፎችና በዘይት ማቀዝቀዣው መሐል ይነፍሳል። የአየሩ መንገድ ከተዘጋ ሞተሩ ይታፈናል።

ሽማግሌው አራቱን ብሎን ፈትተው ሞተሩን አወረዱት። የማራገቢያውን ቤት ሲከፍቱ የአይጥ ጎጆ ወጣ፤ ገለባ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ የደረቀ ቅጠል። በመካከሉ እንደ ጥጥ የተባዘተ አረንጓዴ ክር ነበር። ወስጄ ከሸራው ጫፍ ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው። አይጧ የሸራዬን ጠርዝ እየቦጨቀች ነው ጎጆዋን የሠራችው። አባቴን ያከበርኩበት ጨርቅ የመኪናዋን ትንፋሽ ዘግቶ ነበር። ክሩን በጣቴ ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ አለቀስኩም።

መሸፈን ክብር አይደለም ማለቴ አይደለም። በመሸፈን የምናከብር ሕዝብ ነን፤ ታቦት በመጋረጃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሲወጣም ተሸፍኖ ነው። እኔም ከዚያ የተማርኩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ቅዳሴው አይቋረጥም። በየዓመቱም ለጥምቀት ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳል፣ ሕዝቡ መሐል ያድራል። የእኔ ሸራ ሥር የሚሠራ ነገር አልነበረም። እኔ የወሰድኩት መጋረጃውን ብቻ ነው።

ፍርሃቱስ ከየት መጣ? አገልጋዩ ጌታውን ጨካኝ ሰው አድርጎ ነበር የሚያስበው፤ የቀበረውም ስለዚያ ነው። አደራን የምንይዝበት መንገድ የሚወሰነው ሰጪውን ማን ነው ብለን ባመንነው ይመስለኛል። እኔ በልቤ የሣልኩት አባት ስለ ጭረት የሚጠይቅ ነበር። እውነተኛው አባቴ ግን ምጥ የያዛትን ጎረቤት በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰ፣ የሰፈሩን ጤፍ ከወፍጮ ቤት ያመላለሰ ሰው ነው። የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ ያለው ስርጉዳት የማን ሠርግ ቀን እንደደረሰ ደስ እያለው ይናገር ነበር። ዛሬ ቢመጣ የሚጠይቀኝ «ማንን አደረስሽባት?» ብሎ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት መልስ አልነበረኝም።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ኮፈኑን እከፍታለሁ። አሸታለሁ፣ አዲሱን የቤንዚን ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ እዳስሳለሁ፣ ቺንጋውን ተጭኜ ውጥረቱን አያለሁ። ጣቴ ደረቅ ከሆነ ኮፈኑን ዘግቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳለሁ። እናቷ በእግራቸው ብዙ መራመድ አይችሉም፤ ሕክምናቸው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከዘራቸውን የኋላ ወንበር ላይ ሲያጋድሙት የበሩን ቀለም ይፍቃል።