ስሙን ማን ጠየቀው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቁጥር 46 ጀምሮ የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዕውሩ በርጤሜዎስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲጮህ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። እነዚህ ገሣጮች እነማን ነበሩ? ከጌታ ጋር በመንገድ ይሄድ የነበረው ሕዝብ ነው! ጌታችን ግን ቆመ፤ አስጠራው፤ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግም ጠየቀው። ዕውርነቱ እየታየ መጠየቁ ችግሩን ስላላወቀ አይደለም፤ ሰውዬው በራሱ አንደበት እንዲናገር አከበረው እንጂ።

እኛስ? በአዲስ አበባ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚያድሩ እኩዮቻችንን በየቀኑ እናልፋቸዋለን። አንዱ ወላጆቹ ሞተውበት፣ ሌላው የእንጀራ አባት ዱላ አማሮት፣ ሌላው ሥራ አገኛለሁ ብሎ ከገጠር የመጣ ነው። ጫማ ይጠርጋሉ፤ ዕቃ ይሸከማሉ፤ ብርዱንና ረሀቡን ለመርሳት ማስቲሽ የሚያሸቱም አሉ። እኛ ግን አንድ ጊዜ “ዱርዬ” ካልናቸው በኋላ ሌላ ስም ያላቸው አይመስለንም።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር አጠገብ የሚቀመጥ የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ከጉባኤ ስንወጣ ዳቦ እሰጠው ነበር። አንድ እሑድ ዝናብ መጣና ሁለታችንም በበሩ ጣራ ሥር ተጠለልን። “ጋሼ፣ ሁልጊዜ ዳቦ ትሰጠኛለህ፤ ስምህ ግን ማነው?” አለኝ። አፈርሁ። ስሜን ነገርሁት፤ እርሱም ስሙን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የነገረው ለእኔ ነውና። የሊስትሮ ሣጥኑ እንደተሰረቀበት፣ እናቱ አገር ቤት እንዳለች፣ ባዶ እጁን መመለስ እንዳሳፈረው አጫወተኝ። የሚፈልገው የእናቱን ደኅንነት የሚጠይቅለት ሰው ብቻ ነበር። “ማክሰኞ መጥቼ በስልክ እናፈላልጋታለን” አልሁት። ማክሰኞ ለፈተና ሳጠና ዋልሁና ቀረሁ። እሑድ ስመጣ ቦታው ባዶ ነበር። እስከ ዛሬም አላገኘሁትም። ከሰጠሁት ዳቦ ሁሉ ይልቅ ያን ማክሰኞ የሚያስታውሰው ይመስለኛል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስንቀርባቸው ከላይ ቆመን አንናገር፤ አጠገባቸው እንቀመጥ። ሰላምታና ስም ይቅደም። “ለምን ከቤት ወጣህ?” እያልን እንደ መርማሪ አናፋጥጥ። ሊናገር ያልፈለገ ቢኖር ዝም ብሎ አብሮት መቀመጥም ፍቅር ነው። ለመታያ ብለን ፎቶግራፍ አናንሣቸው። የማንጠብቀውን ቀጠሮ አንስጥ። ሴቶቹን ልጆች እኅቶቻችን ያነጋግሩ። ከአቅማችን በላይ የሆነውንም ብቻችንን አንጀምር፤ የታመመ ወይም ወደ ቤተሰቡ መመለስ የሚፈልግ ስናገኝ፣ እርሱን አስፈቅደን፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎችና በወረዳው የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት እንንገርለት። ነግረንም አንተወው፤ አብረነው እንሂድ።

ያ የኢያሪኮ ሕዝብ መጀመሪያ ገሠጸ፤ ጌታ እንዲጠሩት ባዘዘ ጊዜ ግን ዕውሩን አበረታተው ጠሩት። ዝም ያሰኘ አንደበት ለማጽናናት በቃ። ለእኛም ይኸው ዕድል ተሰጥቶናል። በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠውን ወንድማችንን ከዳቦው ጋር ስሙንም እንጠይቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።